የአፈርን ትነት ስለ መመርመር፤ ከጅቡቲ ከተማ የሚገኝ ትምህርት

ገበሬ መሬቱን የሚያውቀው በዓይኑና በእጁ ነው። ጥቁሩን ከቀዩ፥ ለሙን ከጭንጫው ይለያል፤ አፈሩን በመዳፉ አድቅቆ፥ የበቀለበትንም አረም አይቶ «ይህ ለጤፍ፥ ያ ለማሽላ ይሆናል» ይላል። ይህ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ዕውቀት የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በዘመናችን ዓይን የማያየው፥ እጅም የማይዳስሰው ሌላ ነገር በመሬት ውስጥ ይገኛል፤ ይኸውም ከፈሰሰ ነዳጅ፥ ከተደፋ የማጠቢያ ቅመም ወይም ከተቀበረ ቆሻሻ የሚነሣው ትነት ነው። ይህ ትነት በአፈሩ ቀዳዳ እየሾለከ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላዩ ቤት የተሠራ እንደ ሆነም በወለሉ ስንጥቅ ገብቶ ሰው ከሚተነፍሰው አየር ጋራ ይቀላቀላል።

እንዲህ ያለው መሬት እንዴት እንደሚመረመር፥ ከምርመራውም በፊት ዕቅዱ እንዴት እንደሚወጣ በዚህ ጽሑፍ ለአንባብያን እናስረዳለን። ምሳሌ የምናደርጋትም የጅቡቲን ከተማ ነው። ጅቡቲን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው፤ አንደኛው፥ ኢትዮጵያ የምትገዛው ነዳጅ፥ ማዳበሪያና ልዩ ልዩ ቅመም አብዛኛው በዚያች ከተማ በር ስለሚያልፍ ነው፤ ሁለተኛው፥ የከተማይቱ አፈር፥ ውሃና አየር ለዚህ ምርመራ አስቸጋሪ ስለ ሆነ፥ በዚያ የሠራ ዕቅድ በሌላም ስፍራ ሊሠራ ስለሚችል ነው።

የቦታው ጠባይ

የጅቡቲ ከተማ የቆመችው ከባሕር በወጣ የዛጎል ድንጋይና ከእሳተ ገሞራ በወረደ ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። የዛጎሉ ድንጋይ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ስለ ሆነ ውሃም ነዳጅም ትነትም በቀላሉ ያልፉበታል። በወደቡ አጠገብ ደግሞ ከባሕር ላይ አፈር ተሞልቶ የተሠራ መሬት አለ፤ በዚህ ስፍራ የከርሰ ምድሩ ውሃ ለወለሉ ቅርብ ነው፤ ከባሕሩም ጋራ ከፍ ዝቅ ይላል።

በከተማይቱ አጠገብ የሚወርደው የአምቡሊ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ዝናም በጣለ ጊዜ ግን በድንገት ይሞላል፤ በሚያዝያ 2004 እ.ኤ.አ. የወረደው ጎርፍ ብዙ ሰው እንደ ገደለ ይታወቃል። በወንዙ ዳር የተምር ዛፍና አትክልት የሚለማባቸው የአምቡሊ የአትክልት ስፍራዎች ይገኛሉ፤ ከጕድጓድ በሚቀዳ ውሃም ይጠጣሉ። ወንዙ በሚሞላበት ጊዜ ወደ ውስጥ የሚሰርገው ውሃ ከከተማይቱ በታች ያለውን የከርሰ ምድር ውሃ ይመግበዋል። ይህ ውሃ በብዙ ስለ ተቀዳ የባሕሩ ጨው እየገባበት ነው፤ ስለዚህም ከኢትዮጵያ ሱማሌ ክልል፥ ከሀደጋላ፥ ውሃ በቧንቧ ወደ ጅቡቲ እንዲሄድ ተደርጓል። እንዲህ ባለ አገር የጠራ የጕድጓድ ውሃ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም፤ በላዩ ነዳጅ ቢፈስበት ጥፋቱ የአትክልተኛውም የከተሜውም ነው።

የነዳጁንም ነገር እንይ። ከጅቡቲ ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደው የባቡር መንገድ ሥራ በ1897 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ፥ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ባቡሩ በመጀመሪያ በእንፋሎት፥ በኋላም በናፍጣ ይሄድ ነበር፤ በ2017 እ.ኤ.አ. በጅቡቲ በኩል የተመረቀው አዲሱ መሥመር ግን በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። የአሰብ የነዳጅ ማጣሪያ በ1997 እ.ኤ.አ. ሥራውን ካቆመ፥ በ1998ም ጦርነት ከተነሣ በኋላ የኢትዮጵያ ነዳጅ በጅቡቲ በኩል ሆነ። ከዚያ ወዲህ በዶራሌ አዲስ የነዳጅ ማከማቻ ተሠርቶ ሥራው ከከተማይቱ እምብርት እየራቀ ሄዷል። እንግዲህ በማናቸውም የወደብ ከተማ እንዲህ ያለ የቆየ ሥራ ሲዛወር፥ የተለቀቀው ቦታ ለመኖሪያ፥ ለገበያ ወይም ለትምህርት ቤት ይፈለጋል። በዚያን ጊዜ «ከወለሉ በታች ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ የሹማምንት ግዴታ ነው።

ሁሉም መርዝ አይተንም

ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ የአፈር ትነት ምርመራ የሚጠቅመው ለሚተን መርዝ ብቻ ነው። ቤንዚን፥ ነጭ ጋዝ፥ የቀለም ማቅጠኛ፥ የልብስና የብረት ማጠቢያ ቅመም ይተናሉ። ናፍጣ ግን ከነዚህ ያነሰ ይተናል። በቤንዚን ውስጥ ያለው ቤንዞል የሚባለው ቅመም በ80 ዲግሪ ሙቀት የሚፈላ፥ ከዚያም በታች በፍጥነት የሚተን ሲሆን፥ የደም ካንሰር እንደሚያመጣ በሊቃውንት የተረጋገጠ ነው።

የማይተን መርዝ ግን ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። ለዚህ የጅቡቲ ወደብ ራሱ ምስክር ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ወደ ኢትዮጵያ ሊሄድ የመጣ የእንጨት ማከሚያ ቅመም በወደቡ ውስጥ ከመያዣው እየፈሰሰ ተገኘ። ይህ ቅመም ክሮሚየም፥ መዳብና አርሰኒክ የተቀላቀሉበት፥ የእንጨት ምሰሶ ምስጥና ብስባሽ እንዳይበላው የሚነከርበት ነው። በወደቡ የሚሠሩ ሰዎች ለመርዙ ተጋለጡ፤ የወደቡም አፈር ተበከለ። እንግዲህ በዚያ ስፍራ አንድ ሰው የትነት መቅጃ ቧንቧ ተክሎ «ምንም አላገኘሁም፤ ቦታው ንጹሕ ነው» ቢል ምን ያህል ባሳሳተ ነበር! አርሰኒክና ክሮሚየም ከአፈሩና ከውሃው ጋራ ይኖራሉ እንጂ በተለመደው ሙቀት ወደ አየር አይወጡም። እነርሱን የሚያገኛቸው አፈሩን ቆፍሮ፥ ውሃውን ቀድቶ፥ አቧራውንም ጠርጎ ያስመረመረ ነው።

ለገበሬም ነገሩ እንዲሁ ነው። እንደ ዲዲቲ ያለው የቆየ የተባይ መድኃኒት ከአፈሩ ጋራ ተጣብቆ ለብዙ ዓመት ይቀመጣል፤ ትነቱም እጅግ ጥቂት ነው። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች ብዙ ያረጀ የተባይ መድኃኒት ተሰብስቦ እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ መላኩ ይታወሳል። መድኃኒቱ የተነሣበት መጋዘን ወለል ግን የሚመረመረው በአፈር ናሙና ነው። ስለዚህ «መርዙ ምንድር ነው?» የሚለው ጥያቄ «በምን እንመርምረው?» ከሚለው ይቀድማል።

ዕቅዱ እንዴት ይወጣል?

ዕቅድ ሳይኖረው መቆፈር የሚጀምር ሰው፥ ዘር ሳይመርጥ ማሳ እንደሚያርስ ገበሬ ነው፤ ድካሙ አይቀርም፥ ምርቱ ግን አይታወቅም። ስለዚህ ሥራው በሚከተለው ተራ ይሁን።

1ኛ፤ ጥያቄውን መወሰን። ምርመራው የሚደረገው በላዩ ቤት ለመሥራት ነው? ያለውን ቤት ሰው ይኖርበት ዘንድ ለመፍቀድ ነው? ወይስ ፈሳሹ ወዴት እንደ ሄደ ለማወቅ ነው? ለነዚህ ለሦስቱ የጕድጓዱ ቦታም ጥልቀትም ቍጥርም ይለያያል። ውጤቱ ምን ያህል ቢሆን ምን እንደሚደረግ ከመቆፈር በፊት በጽሑፍ ይወሰን። ውጤት ከመጣ በኋላ የሚወጣ መመዘኛ ለባለጉዳዩ ፈቃድ የሚያደላ ይሆናልና።

2ኛ፤ የቦታውን ታሪክ መሰብሰብ። የድሮ ካርታ፥ የአየር ፎቶግራፍ፥ የመዝገብ ቤት ወረቀት፥ የውል ጽሑፍ ይፈለግ። ከሁሉም በላይ በቦታው የሠሩት ሽማግሌዎች ይጠየቁ። ታንከሩ የት ተቀብሮ እንደ ነበር፥ መኪና የት ይታጠብ እንደ ነበር፥ የተቃጠለ ዘይት ወዴት ይደፋ እንደ ነበር ከመዝገቡ ይልቅ የሚያስታውሱት ዘበኛውና መካኒኩ ናቸው። የኤሌክትሪክና የስልክ ሽቦ፥ የውሃና የፍሳሽ ቧንቧ የሚያልፍበትም ስፍራ በካርታ ይውጣ፤ ይህ የቆፋሪውን ሕይወት ያድናል፤ ደግሞም ትነት በቧንቧ ቦይ ውስጥ እንደ መንገደኛ ስለሚጓዝ፥ መርዙ ከምንጩ ርቆ የሚገኝበትን ምክንያት ያስረዳል።

3ኛ፤ የምንጩን፥ የመንገዱንና የተቀባዩን ሥዕል መሣል። መርዙ የት አለ? በምን መንገድ ይሄዳል? ማንስ ዘንድ ይደርሳል? እነዚህ ሦስቱ በአንድ ወረቀት ላይ ይሣሉ። ከሦስቱ አንዱ ከሌለ ጉዳት የለም፤ ሦስቱ ከተገናኙ ግን ያሠጋል። ሥዕሉ ግምት ነው፤ ምርመራው ግምቱን ያጸናዋል ወይም ያፈርሰዋል። ባለሙያው ሥዕሉ ሲፈርስ ሊያዝን አይገባውም፤ ምርመራ የሚደረገው ለዚሁ ነውና።

4ኛ፤ ቦታና ጥልቀት መምረጥ። ናሙና መርዙ አለበት በተባለበት ስፍራ፥ ከዚያም ዙሪያውን እየራቀ፥ እንዲሁም ሰው በሚኖርበት ቤት አጠገብና ከወለሉ በታች ይወሰድ። ከቤት ውጭ ያለው ናሙና ከ1.5 ሜትር ባላነሰ ጥልቀት ቢወሰድ ይመረጣል፤ ከዚያ በላይ የሆነው የውጭ አየር ስለሚቀላቀልበት ያሳስታልና። በአንዱ ጕድጓድ ሁለት ወይም ሦስት ጥልቀት ቢመረመር ትነቱ ወደ ላይ ሲወጣ እየቀነሰ መሄዱን ያሳያል። በጅቡቲ ወደብ አጠገብ እንዳለው የተሞላ መሬት ውሃው ቅርብ በሆነበት ግን ቧንቧው ከውሃውና ውሃው ከሚያረጥበው አፈር በላይ መሆን አለበት፤ ያ ካልተቻለ ከወለሉ በታች በቀጥታ ይወሰድ።

5ኛ፤ ጊዜ መምረጥ። ይህ በጅቡቲ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው። ዝናም ከጣለ በኋላ የአፈሩ ቀዳዳ በውሃ ስለሚደፈን፥ ቢያንስ አምስት ቀን መቆየት ይገባል። ባሕሩ ሲሞላ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ብሎ የአፈሩን አየር ወደ ላይ ይገፋል፤ ባሕሩ ሲሸሽ ደግሞ የውጭውን አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ በባሕር ዳር ያለ ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ ተመርምሮ አይተው፤ ባሕሩ በሞላበትና በሸሸበት ሰዓት፥ በሞቃቱም በቀዝቃዛውም ወራት ይደገም። የናሙናው ቀንና ሰዓት፥ የአየሩ ግፊትና ሙቀት፥ የነፋሱም አቅጣጫ በመዝገብ ይጻፍ።

ናሙናው እንዴት ይወሰዳል?

ጕድጓዱ ከተበሳ በኋላ ጫፉ ወንፊት ያለው ቀጭን ቧንቧ ወደ ታች ይወርዳል። ቧንቧው መርዙን የማይመጥ፥ እንደ ናይለን፥ ቴፍሎን ወይም የማይዝግ ብረት ካለ ነገር የተሠራ ይሁን፤ ተራ ላስቲክ ትነቱን ጠጥቶ ስለሚያስቀር አይሆንም። በወንፊቱ ዙሪያ ንጹሕ አሸዋ ይጨመራል፤ ከአሸዋው በላይ ቤንቶናይት የሚባለው፥ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ የሸክላ አፈር ይደረግና ጕድጓዱ እስከ አፉ ይታሸጋል። የዛጎሉ ድንጋይ በተቦረቦረበት ስፍራ ይህ ማሸጊያ በዋሻው ውስጥ ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ስንት እንደ ገባ እየተለካ ይሁን።

ጕድጓድ በተቆፈረ ጊዜ የአፈሩ አየር ይናወጣል። በመዶሻ ተገፍቶ የገባ ቧንቧ ቢያንስ ሁለት ሰዓት፥ ተቆፍሮ የተሠራ ደግሞ 48 ሰዓት ዐርፎ ይቆይ። ከዚያም በቧንቧው ውስጥ የቀረው የቆየ አየር ይወጣል፤ የቧንቧውና የአሸዋው ክፍት ስፍራ ተሰልቶ ሦስት እጥፍ የሚሆን ማውጣት የተለመደ ነው። አየሩ ሲሳብ በደቂቃ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ይደረጋል። በኃይል የሚስብ ሰው ከሌላ ስፍራ ያለውን አየር ይጠራል እንጂ በወንፊቱ ዙሪያ ያለውን አያገኝም።

ማሸጊያው አለመቅደዱን ማረጋገጥ ግድ ነው። ለዚህም መሣሪያው ሁሉ በአንድ ትልቅ ክዳን ይሸፈንና ሂሊየም የሚባለው አየር በክዳኑ ውስጥ ይለቀቃል። ከአፈሩ በተሳበው ናሙና ውስጥ ሂሊየሙ ከተገኘ፥ ከውጭ የገባ አየር አለ ማለት ነው፤ ናሙናው ይጣል፤ ማሸጊያውም እንደ ገና ይሠራ። ይህን ያልፈተነ ሰው «መርዝ የለም» ያለው ስለ አፈሩ አየር ይሁን ወይም ስለ ጅቡቲ የባሕር ነፋስ አይታወቅም።

ናሙናው የሚገባው ውስጡ ባዶ ተደርጎ አየሩ በወጣለት የማይዝግ ብረት መያዣ ነው፤ አለዚያም ትነቱን የሚይዝ ዱቄት በሞላበት ቀጭን ቱቦ ይሳባል። የብረቱ መያዣ በበረዶ አይቀዝቅዝ፤ በውስጡ ያለው እርጥበት ጤዛ ሆኖ ትነቱን ይይዘዋልና። ቱቦው ግን በቀዝቃዛ ስፍራ ይጠበቅ። ሁለቱም ከፀሐይ ይሠወሩ። በብረቱ መያዣ የተወሰደው ናሙና በ30 ቀን ውስጥ በላቦራቶሪ ይመርመር፤ ናሙናው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚፈረምበት የርክክብ ወረቀት አብሮት ይሂድ። በዕቅዱ ላይ ከየ10ሩ ናሙና አንዱ ጥንድ ሆኖ እንዲወሰድ ይጻፍ፤ ሁለቱ ጥንዶች ካልተስማሙ ሥራው ጕድለት አለበት ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በጅቡቲ የሚረሳ አይደለም። ወደ ኢትዮጵያ የሚሄዱት የጭነት መኪናዎች በመንገዱ ላይ ተሰልፈው ጭስ ያወጣሉ፤ በዚያ ጭስ ውስጥም ቤንዞል አለ። በቤት ውስጥ የተገኘው መርዝ ከመሬት ነው ወይስ ከመንገድ የሚለውን ለመለየት፥ በዚያው ሰዓት ከደጅ የውጭ አየር ናሙና ይወሰድ። ደግሞም በሙቀቱ ምክንያት ቤቱ ተዘግቶ አየር ማቀዝቀዣ የሚሠራበት ስለ ሆነ፥ ማቀዝቀዣው ከሚሠራበትና ከማይሠራበት ሰዓት ሁለቱም ይመዘገብ፤ መኪናው የቤቱን አየር ወደ ውጭ የሚያወጣ ከሆነ ከወለሉ በታች ያለውን ይስባልና።

ውጤቱ እንዴት ይነበባል?

ለምሳሌ ያህል አንድ የቆየ የነዳጅ ማከማቻ በነበረበት ቦታ ላይ የተሠራ ቤት እናስብ። ከወለሉ በታች በተወሰደው ናሙና፥ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 1,000 ማይክሮ ግራም ቤንዞል ተገኘ እንበል። ማይክሮ ግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ከወለል በታች ያለው ትነት ወደ ቤት ሲገባ ከንጹሕ አየር ጋራ ስለሚቀላቀል ይቀጥናል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለጥንቃቄ ሲባል ከመቶ ሦስቱ እንደሚገባ ይቈጠራል። ስለዚህ 1,000 በ0.03 ሲባዛ በቤቱ ውስጥ 30 ማይክሮ ግራም ይሆናል።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ለቤንዞል «ከዚህ በታች ጉዳት የለውም» የሚባል ልክ የለም፤ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በሜትር ኩብ 1.7 ማይክሮ ግራም ቢተነፍስ ከ100,000 ሰው አንድ ሰው በደም ካንሰር ይታመማል ተብሎ ይገመታል። በምሳሌያችን የተገኘው 30 ከዚህ 18 እጥፍ የሚጠጋ ነው። እንግዲህ ይህ ቤት ሰው ዝም ብሎ የሚኖርበት አይደለም፤ ሁለተኛ ምርመራ በቤቱ ውስጥ አየር ላይ ይደረግ፤ ቶሎም መፍትሔ ይፈለግለት።

ነገር ግን ቍጥሩን ብቻ አይቶ መፍረድ አይገባም። ነዳጅ ከሌሎች መርዞች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ኦክሲጅን ካገኙ የነዳጁን ትነት ይበሉታል። ስለዚህ ከቤንዞሉ ጋራ ኦክሲጅን፥ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሜቴን የሚባሉት አየሮች ይለኩ። ኦክሲጅኑ ዝቅ፥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከፍ ካለ ነፍሳቱ ሥራ ላይ ናቸው። ይሁን እንጂ ነፍሳቱ እርጥበት ይፈልጋሉ፤ የጅቡቲ አፈር ደግሞ እጅግ ደረቅ ነው፤ በሌላ አገር የታየው እፎይታ በዚያ ይገኛል ብሎ ሳይለኩ መተማመን አደገኛ ነው። ሜቴን ደግሞ በአየር ውስጥ ከመቶ 5 እስከ 15 ሲደርስ በክብሪት ይፈነዳል፤ ይህ የተገኘበት ስፍራ ለነገ የሚባል ሳይሆን ሰዎቹ በዚያው ቀን የሚወጡበት ነው።

መፍትሔውም ብዙ ነው። የወለሉ ስንጥቅ ይደፈናል፤ ከወለሉ በታች ቧንቧ ተዘርግቶ ትነቱ በማራገቢያ ከጣራ በላይ እንዲወጣ ይደረጋል፤ አዲስ ቤት ከሆነ ከወለሉ በታች ትነት የማያሳልፍ ምንጣፍ ይነጠፋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ምንጩን ማውጣት፥ ማለት የተበከለውን አፈርና የተጠራቀመውን ነዳጅ ማስወገድ ነው።

ለገበሬውና ለአትክልተኛው

ይህ ሁሉ የከተማና የወደብ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በገጠርም የመስኖ ሞተር ያለው ሁሉ ትንሽ የነዳጅ ማከማቻ አለው። በአምቡሊ ይሁን በአዋሽ ዳር፥ በጣና ዙሪያ ይሁን በዝዋይ፥ የናፍጣው በርሜል ከሞተሩ አጠገብ፥ ሞተሩም ከጕድጓዱ አጠገብ ይቀመጣል። በየቀኑ ጥቂት ጠብታ ሲፈስ ከአንድ ዓመት በኋላ የስንት በርሜል ምልክት ይቀራል! ጕድጓዱም ያ ሁሉ የሚወርድበት ነው። በመጠጥ ውሃ ውስጥ ቤንዞል በሊትር ከ10 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ የዓለም የጤና ድርጅት ወስኗል፤ ይህም እጅግ ጥቂት ነው፤ ትንሽ ቤንዚን ብዙ ውሃ ያበላሻል ማለት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ልብ ማድረግ ይገባል። በርሜሉ ከጕድጓዱ ርቆ፥ ከጕድጓዱም በታች ባለው ተዳፋት ይቀመጥ፤ ከሥሩ የሲሚንቶ ገንዳ ወይም የብረት ሳሕን ይደረግ። ነዳጅ ሲቀዳ በማጥለያ ይሁን። የተቃጠለ ዘይት በመሬት ላይ አይደፋ። የጕድጓዱ ውሃ ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ የሚሸት እንደ ሆነ ከብትም ሰውም አይጠጣው፤ ለመንግሥት የውሃ ሠራተኛ ይነገር። እንዲህ ባለው ጕድጓድ ውስጥ ማንም ሰው ለማጽዳት አይውረድ፤ ክብሪትም አይጫር፤ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ በጕድጓዱ ሆድ ተኝቶ ይቆያልና። አንዱ ወርዶ ሲወድቅ ሊያወጣው የወረደውም እንደሚከተለው በብዙ አገር የታየ ነው።

ደግሞም የማይሸት ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የሰው አፍንጫ ቤንዞልን የሚያውቀው ጉዳት ከሚጀምርበት ልክ እጅግ ከፍ ካለ በኋላ ነው። አፍንጫ ለማስጠንቀቅ ይጠቅማል፤ ለማጽናናት ግን አይጠቅምም።

ለሹማምንት የቀረበ ማሳሰቢያ

የቆየ የነዳጅ ማደያ፥ የባቡር ወይም የመኪና ጋራዥ፥ የቅመም መጋዘን የነበረበት ቦታ ለመኖሪያ፥ ለትምህርት ቤት፥ ለእህል መጋዘን ወይም ለአትክልት እርሻ ሲሰጥ፥ የባለይዞታነቱ ወረቀት ከመፈረሙ በፊት የቦታው ታሪክ ይጠየቅ። ታሪኩ የሚያጠራጥር ከሆነ የምርመራው ዕቅድ በጽሑፍ ይቅረብ፤ በዕቅዱም ላይ ጥያቄው፥ የመርዙ ዓይነት፥ የናሙናው ቦታና ጥልቀት፥ የሚወሰድበት ጊዜ፥ የማሸጊያው ፈተና፥ የላቦራቶሪው ስምና ውጤቱ የሚመዘንበት ልክ ይገለጥ። ከነዚህ አንዱ የጐደለበት ዕቅድ ይመለስ። በአንድ ቀን፥ በአንድ ጕድጓድ፥ በአንድ ናሙና «ንጹሕ ነው» የሚል ወረቀት ይዞ የመጣ ሰውም ይጠየቅ፤ ባሕሩ በዚያ ሰዓት ሞልቶ ነበርን ወይስ ሸሽቶ? ሂሊየሙስ ተፈትኗልን?

ለምርመራ የሚወጣው ገንዘብ ለጊዜው ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ቤቱ ከተሠራ፥ ሰዎቹ ከገቡ፥ ሕፃናቱም በወለሉ ላይ ከዳኹ በኋላ የሚወጣው ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ ያን ጊዜ ገንዘብ የማይመልሰውም ነገር አለ። ገበሬ ዘሩን ከመዝራቱ በፊት መሬቱን እንደሚያየው ሁሉ፥ ከተማም ቤቷን ከመትከሏ በፊት ከወለሉ በታች ያለውን ልታይ ይገባታል።